ቦርጭ በቱቦ ተመጥቶ ያልቃል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቦርጭ ነው። መሳቅ ይቻላል! ግን ነገሩ ከሳቅ ያለፈ ሆኖ ስላገኘሁት ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት ወሰንኩ።

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከ34 ዓመት ሴት የተላከ ነው። ስሟን እንደ ልማዳችን እናቆየው። በአጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሆዴ አልመለስ ብሎኛል። 20 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ታናሽ እኅቴ ስለምታገባ ዘመድ ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ውጭ አገር ስብ በቱቦ የሚመጥ ሐኪም በስልክ አገኘሁና ሆዴን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ‹ይቻላል፤ ሆድ፣ ጀርባና ክንድሽን በአንድ ቀን እንጨርሳለን› ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ከከፈልኩ ቅናሽ አለው። የእቁብ ዕጣዬም ሊደርሰኝ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እኅቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞች ከጻፉት አንብቤ የገባኝን ነው የማካፍልሽ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ያሳሰበኝ ቦርጭሽ ሳይሆን «ይቻላል» የምትለዋ ቃል ነች። ሰውየው በእጁ ሳይዳስስሽ፣ ግፊትሽን ሳይለካ፣ ምን ያምሻል ሳይል በግማሽ ሰዓት «ይቻላል» አለ። ለዚህ ዓይነቱ ኦፕራሲዮን ጥሩ ሐኪም የሚባለው ግን ሲያስፈልግ «ለአንቺ አይሆንም» ለማለት የሚደፍር ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ።

የሚመጠጠው ምንድን ነው?

በግ ሲታረድ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ የተለጠፈ ስብ አለ። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ አንጀቱን የሸፈነው ሞራ ይታያል። የእኛም ሰውነት ከዚህ አይለይም። ሊፖሳክሽን የሚባለው ሕክምና በቀጭን ቱቦ የሚመጠው ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ብቻ ነው። ሞራውን አይነካም፤ መንካትም የለበትም። ቱቦው ስቶ የሆድን ግድግዳ ካለፈ አንጀት ሊበሳ ይችላል።

እስቲ ቁሙና ቦርጫችሁን በጣቶቻችሁ ቆንጥጡት። ወፍራም እጥፋት ሆኖ እጃችሁ ላይ ከመጣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው። እንደ ከበሮ ተወጥሮ አልያዝ ካለ ግን አብዛኛው ከውስጥ ነው። ወንዶች አንባቢዎቼ፣ የብዙዎቻችሁ ቦርጭ እንዲህ ያለ ስለሆነ ገንዘባችሁን ለቱቦ አታውጡ! እሱን የሚያቀልጠው አመጋገብን ማስተካከልና መንቀሳቀስ ነው።

«ታዲያ ከተመጠጠ ጤና አይሰጥም?» የሚል ካለ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመውን ጥናት ልጥቀስለት። በጣም ወፍራም የሆኑ 15 ሴቶች በአማካይ 10 ኪሎ ገደማ ስብ ተመጠጠላቸው። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቆይተው ሲመረመሩ ግን የደም ግፊታቸውም፣ ስኳራቸውም፣ የደም ቅባታቸውም አልተሻሻለም። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጣም ወፍራም ያልሆኑ ሴቶችን ተከታትሎ፣ የተመጠጠው ያህል ስብ በአንድ ዓመት ውስጥ መመለሱን አሳይቷል። የሚገርመው ከጭን የተወሰደው ሆድ ላይ ነው የመጣው!

ታዲያ ለማን ይሆናል?

ማንም ሰው ሰውነቴን ላስተካክል ቢል አያስነውርም። ሕክምናው በተገቢው ሰው ላይ ሲደረግ ጥሩ ውጤት አለው። ተገቢው ሰው የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፦

ክብደቱ ለቁመቱ ከሚገባው ብዙ ያልራቀ፤ ባለሙያዎች በተለምዶ ከ30 በመቶ ባይበልጥ ይላሉ። ላለፉት ስድስት ወራት ኪሎው ከፍ ዝቅ ያላለ። ስቡ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ በስፖርትም አልለቅ ያለው። ቆዳው ደግሞ ሲለቁት የሚሰበሰብ። ቆዳ ከላላ ስቡ ሲወጣ አየሩ እንደወጣ ፊኛ ይጨማደዳል። በእርግዝና የተላቀቀ የሆድ ጡንቻም በመምጠጥ አይገጥምም፤ እሱ ሌላ፣ ከዚህ የከበደ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል። ብዙ የወለዱ እናቶች ይህን ሳያውቁ ከፍለው ነው በኋላ የሚያዝኑት።

ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ደሙ በቀላሉ የሚረጋ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግሩን ሳይደብቅ መናገር አለበት። የምትወስዱትን መድኃኒትም አንድ በአንድ ተናገሩ። አስፒሪን ደም ያቀጥናል፤ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች ደግሞ ደም የመርጋትን ዕድል ይጨምራሉ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ይቆይላት።

አሁን የእኅታችንን ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ መምጠጥ ከባድ ተብሎ ስለሚቆጠር ታካሚዋ ሆስፒታል አድራ ክትትል ይደረግላታል። 5 ሊትር ስብ ደግሞ 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥም የተወሰነው ፈሳሽ ነው። 20 ኪሎ በቱቦ አይወርድም ማለት ነው! ለሠርጉም አይደርስም። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ጎድሎ ቅርጹ እስኪታይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ለሳምንታትም አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ ይለበሳል። ይህን ሁሉ ሳይነግርሽ ቅናሽ የነገረሽ ሰው ሐኪም ነው ነጋዴ?

ሐኪሙን እንዴት እንምረጥ?

በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ አንዲት ዳንሰኛ እግሯ እንዲቀጥንላት ብላ ስቡን በመፋቂያ አስወገደች። እግሯ በሰበሰ፤ ተቆረጠ። ዛሬ ዘዴው እጅግ ተሻሽሏል፤ አደጋው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ስመ ጥር ሙዚቀኛ እናት ስብ ማስመጠጥና የጡት ኦፕራሲዮን አንድ ላይ ተደርጎላቸው በማግስቱ አረፉ። የአስከሬን ምርመራው የልብ ደም ሥር ሕመምንና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጡ ችግሮችን በምክንያትነት ጠቅሷል። በወቅቱ እንደተዘገበው ቀደም ሲል ያማከሩት ሌላ ሐኪም «መጀመሪያ ለኦፕራሲዮን ብቁ ነሽ የሚል የሐኪም ማረጋገጫ ይምጣ» ብሏቸው ነበር።

ስለዚህ ቢላ ከመያዙ በፊት እነዚህን ጠይቁት፦

አንደኛ፣ ስፔሻሊቲህ ምንድን ነው? ዶክተር ሁሉ ቀዶ ሐኪም አይደለም፤ ቀዶ ሐኪም ሁሉም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት አይደለም። የሙያ ፈቃዱን ሰጪው መሥሪያ ቤት ዘንድ አጣሩ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የት ነው የምትሠራው? ቤቱስ ለዚህ ፈቃድ አለው? ለምሳሌ ቱርክ የውጭ አገር ታካሚ ለሚቀበሉ ተቋማት ከ2017 ጀምሮ የተለየ የፈቃድ ወረቀት ትጠይቃለች። አሳዩኝ በሉ።

ሦስተኛ፣ ማደንዘዣውን ማን ይሰጣል? ትንፋሽ ቢቋረጥ፣ ደም ቢፈስ ምን ተዘጋጅቷል? ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው የምሄደው?

አራተኛ፣ ስንት ሊትር ታወጣለህ? ስንት ቦታ በአንድ ቀን?

አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ የሚከታተለኝ ማነው? በዚህ ሕክምና ስቡ ውስጥ የሚወጋው ማደንዘዣ በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ከ12 ሰዓታት ገደማ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቤት ገብቶ ብቻ መተኛት ለዚህ ነው የማይመከረው።

ስድስተኛ፣ አንተ ራስህ የሠራሃቸውን ሰዎች የበፊትና የበኋላ ፎቶ አሳየኝ። መጥፎ ውጤት ገጥሞህ ያውቃል? «በጭራሽ!» ካለ ተሰናብታችሁ ውጡ።

ውጭ አገር መሄድ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ጥድፊያው ነው አደገኛው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2009 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት 93 አሜሪካውያን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የውበት ኦፕራሲዮን ካደረጉ በኋላ ሞተዋል። ዝርዝራቸው ከታየው መካከል አብዛኞቹ ሳንባቸው በስብ ወይም በረጋ ደም የተዘጋ፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ በላይ ኦፕራሲዮን የተሠራላቸው ነበሩ። ረጅም በረራ ደግሞ ደም የመርጋትን አደጋ ይጨምራል። «ሆድ፣ ጀርባና ክንድ በአንድ ቀን» ተብሎ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ኦፕራሲዮን አድርጋችሁ ከሆነና ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁ ከወጋችሁ፣ አንድ ባታችሁ አብጦ ካመማችሁ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ ወይም ከተደናገራችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ምን እንዳሠራችሁም አትደብቁ። በአፍረት የተደበቀ ኦፕራሲዮን ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል ያገሬ ሰው። የታመመ ሰው ኦፕራሲዮን የሚገባው ቸግሮት ነው፤ ለውበት የሚገባው ግን በገዛ እግሩ የሄደ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ለመምረጥም፣ ለማጣራትም፣ ለመተውም ጊዜ አለው። የእቁቡ ገንዘብ የትም አይሄድም፤ ቅናሹም ይለፍ። አንድ ሐኪም «ይቻላል» ሲላችሁ ሁለተኛ ጋ ሂዱ። ሁለተኛው መርምሮ «አይሆንም» ካለ ደግሞ ሦስተኛ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ምክንያቱን ጠይቁት። ያ ሰው የሚያገኘውን ገንዘብ ትቶ ነው የመለሳችሁ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ቸር ይግጠመን!