ጭሱ ለእናት፣ ኪሱ ለአባት



በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከምድጃ ዳር አይርቅም። «ስለ ምድጃ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» የሚል ወንድም አይጠፋ ይሆናል። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዋቂዓ ስለምናቀጣጥለው እሳትና እሳቱ ስለሚገኝበት ዛፍ እንድናስተነትን ያደርገናል። እሳት ጸጋ ነው፤ ጸጋ ደግሞ ነገ የምንጠየቅበት አማና ነው። እንግዲያው ይህ ጸጋ በገጠሩ ቤታችን እንዴት እንደተያዘና ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የወሎን ገጠር ለአብነት እንውሰድ። በደጋው ብዙ ቦታ ጫካው ከመንደር ከራቀ ቆይቷል። ምጣዱ የሚጋለው በኩበት፣ በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በቆላው ደግሞ የማሽላ አገዳ ይነዳል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ስለማይወጣባቸው በነፃ የተገኙ ይመስላሉ። ነገር ግን ኩበቱ ማሳ ላይ ቢበተን ፍግ ነበር፤ አገዳውም ለበሬው የበጋ ቀለብ ነበር። ስለሆነም ገበሬው ዛሬ በምጣዱ ሥር የሚያነደው የመጪውን ዓመት እህልና የበሬውን ጉልበት ጭምር ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ ሙቀት ውስጥ ለምግቡ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የተቀረው በየአቅጣጫው ተበትኖ ይቀራል። በአገራችን ከቤተሰብ ማገዶ ግማሹን እንዲያውም ከዚያ በላይ የሚበላው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው። ኢስራፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን የሰርግ ድግስና የልብስ ጌጥ ነው። ይሁን እንጂ በሱረቱል አዕራፍ የተከለከልነው ማባከን በድግስ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውኃ ነበር። በውኃ እንዲህ የቆጠበ ነቢይ ተከታዮች፣ ዘጠኝ እጅ ማገዶ በየቀኑ ለነፋስ ሲሰጥ እያዩ ዝም ማለት አይገባቸውም።

ለዚህ መላ ከተዘየደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገራችን «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ እየተጠፈጠፈ የሚሠራ፣ ተገጣጥሞ የሚቆምና ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ምድጃ ነው። እሳቱ ተከልሎ ከምጣዱ ሥር ይነዳል። የሚተርፈው ሙቀት ወደ ኋላ ሲወጣ በዚያ በኩል ድስት ማስቀመጫ አለው፤ እንጀራው እየተጋገረ ወጡ ይሞቃል። በሙከራ ሲለካ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያተርፋል። ለከሰል ተጠቃሚዎች «ላቀች»፣ ለወጥ ማብሰያ ደግሞ «ትክክል» የተባሉ ምድጃዎችም አሉ።

በቤተ ሙከራ የተለካና በገበሬ ቤት የሚታይ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ባንክ ያወጣው ጥናት «ምርጥ» ምድጃን በኢትዮጵያ ገጠር ቤቶች ውስጥ ተከታትሎ ነበር። በዚህም መሠረት አንድ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ያተርፋል። ይህ ቀደም ሲል ከተገመተው ግማሽ ያህሉ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። አንድን የሴት ሸክም 25 ኪሎ ብንለው፣ በዓመት 25 ሸክም ከእናትና ከልጅ ጀርባ ወረደ ማለት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ዳገት ከመውጣት የተረፈች ልጅ ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ መድረሳ ልትሄድበት ትችላለች።

ከሸክሙ የሚብሰው ጭሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በማጀቱ ጭስ ውስጥ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውል ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ሊጠጋ እንደሚጨምር ይኸው ድርጅት ይገልጻል። እኛ ግን የእናታችንን የቀላ ዓይንና የማያቋርጥ ሳል እንደ እርጅና ቆጥረን «አላህ ያሽርሽ» ብለን እናልፋለን። ዱዓው መልካም ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ምድጃው ለምን በየቤቱ አልገባም? አንዳንድ ጊዜ ሠሪው ከመንደሩ ይርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ምድጃው ለቤቱ ምጣድ አይመጥንም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ምክንያት እዚያው ቤታችን ውስጥ አለ። ጭሱን የምትስበው አንዷ፣ ኪሱን የያዘው ሌላው ነው። ማገዶው በሴቶች ጉልበት ስለሚመጣ አባወራው ከኪሱ የጎደለ ነገር አያይም፤ ምድጃ መግዛት ግን ከኪሱ ብር ያስወጣል። ስለዚህ ትርፉ የሚስቱና የልጆቹ፣ ወጪው የእሱ ብቻ ይመስለዋል። ልጆች ከዐረብ አገር የሚልኩት ገንዘብ እንኳ ብዙ ጊዜ ለቆርቆሮ ቤትና ለእንግዳ መቀበያ ይውላል፤ ያችው ልጅ ያደገችበት ማጀት ግን እንደጠቆረ ይቀራል።

ይህ ስሌት በሸሪዓ ሚዛን ሲታይ አያስኬድም። የቤተሰቡ ቀለብ በባል ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። ቀለብ ሲባል ደግሞ ጥሬ እህል አቅርቦ መሄድ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ እህሉ እንጀራ እስኪሆን የሚደርሰው ድካምም የቤቱ ጉዳይ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይሆኑ እንደነበር ነግረውናል። ሁላችንም በሥራችን ስላሉት ሰዎች የምንጠየቅ እረኞች ነን። በራስም በሌላም ላይ ጉዳት ማድረስ የተከለከለ መሆኑንም እናውቃለን። እንግዲህ በአቅማችን ልናስወግደው የምንችለው ጉዳት በየዕለቱ በቤታችን ሲደርስ ማጀቱን «የሴት ጉዳይ» ብሎ መተው ምን መልስ ይኖረዋል?

ምድጃው ግን ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ መናገር አለብን። በማላዊ ገጠር ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ መስጠት ብቻውን የሕፃናትን የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጭስ ሲቀንስ ጠፋ ማለት አይደለምና። ስለዚህ ከምድጃው ጋር ማጀቱም ይታሰብበት። ከመኝታ ቤት ይለይ፤ ከጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ ይከፈትለት፤ ሕፃኑ በመጋገሪያ ሰዓት ለአባቱ ወይም ለታላቅ ወንድሙ ይሰጥ። እንጨቱ ቀደም ብሎ ይፈለጥ፣ በደንብም ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት በየትኛውም ምድጃ ይጨሳል። ምድጃው ከመገዛቱ በፊት የምጣዱ ስፋት ይለካ፤ «ምርጥ» የሚሠራው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ምጣድ ነው። ሲሚንቶው ሳይጠነክር እሳት አይንካው፤ ከተተከለም በኋላ ከቦታ ቦታ አይጎተት፤ ይሰበራልና።

ገንዘቡስ? በወለድ መበደር ለሙስሊም ቤተሰብ መንገድ አይሆንም። ነገር ግን ቅሬ አለን፣ እቁብ አለን። ለቀብርና ለሐዘን የሚሰበሰብ ጀመዓ፣ በየወሩ ለአንድ ቤት አንድ ምድጃ የሚያደርስ እቁብ ቢያቋቁም ወለድ የለበትም፤ መዋጮውም አይከብድም። መጀመሪያ የመበለቶችና የአረጋውያን ቤት ቢቀድም ሰደቃም ይሆናል። የመንደሩ ኢማም ከጁሙዓ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢናገሩበት አባወራዎቹ ይሰማሉ። እናንት ወጣቶች ደግሞ፣ ቅርጽ ማውጫውን የያዘና ሲሚንቶ ማቡካት የሚችል ሰው ከዚህ ሥራ ሐላል እንጀራ ሊበላ እንደሚችል አትዘንጉ። ሥራ ፍለጋ ባሕር ከመሻገር በፊት የጎረቤትን ማጀት ማየት አይከፋም።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ለወጡ ጣዕም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለወጥ ሠሪዋ ሳንባና ለማሳው ፍግ ግን ጉልቻውን መለወጥ ትልቅ ለውጥ ነው። ረመዳን ሲገባ ለኢፍጣርና ለሱሑር ሁለት ጊዜ እሳት ፊት የሚቀመጡትን እናቶቻችንንና እህቶቻችንን እናስባቸው፤ ጾሙ ሳይደርስም እንዘጋጅላቸው። እስቲ በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ አባወራ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ ማጀት ገብቶ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ምድጃው ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ራሱ ይፍረድ።

አላህ ቤቶቻችንን የራሕመትና የጤና ቤቶች ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።