የሞት ጥላ ወይስ ድቅድቅ ጨለማ?

ለዛሬ የሕፃናትን ጉንፋን ልቀጥል ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ እየጠየቅሁ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ያጋጠመኝ ነገር ቀደመ። ነገሩ የአንዲት የዕብራይስጥ ቃል ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ከልጅ ልጁ ጋር የሚኖር ሰው ሁሉ ሊገጥመው ይችላል።

ባለቤቴ ዓይናቸው ካቃታቸው 6 ዓመት ሆኗል። ድሮ ዳዊታቸውን ሳይደግሙ ቡና አይቀምሱም ነበር። አሁን ማታ ማታ የ9 ዓመቱ የልጅ ልጃችን ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያነብላቸዋል። አብዛኛውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ልጁ ሲሳሳት ያርሙታል። የልጁም ንባብ ተሻሻለ፣ የእሳቸውም ምሽት አጠረ፤ እኔም ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ደስ ይለኛል።

የዚያን ማታ የእረኛውን መዝሙር ነበር የያዙት፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 23ኛ፣ በግእዙ ዳዊት 22ኛ የሆነውን። ልጁ «የሞት ጥላ» ከሚለው ሲደርስ ቆመ።

«አባባ፣ ሞት ጥላ አለው እንዴ?»

ባለቤቴ መልስ ሳይሰጡ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ ስመለስ ልጁ አያቱ ጉያ ውስጥ ተወሽቋል። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ አልጋዬ ድረስ መጥቶ በጆሮዬ፣ «እማማ፣ አባባ ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ነው እንዴ የሞት ጥላ ውስጥ ያለው? ሊሞት ነው?» አለኝ። እኔም «ዝም ብለህ ተኛ፣ ሌሊት እንዲህ አይወራም» አልኩት። ብዙ ዓመት የሌሊት ተራ የሠራ ሰው የተኛና ያልተኛ ሰው ትንፋሽ ይለያል። ከጎኔ ያለው ትንፋሽ የተኛ ሰው ትንፋሽ አልነበረም።

እሑድ ዕለት የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሴማዊ ቋንቋዎች የተማረ ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ባይገባኝም ያን ቀን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩለት። «ይህ የሞት ጥላ የምንለው፣ በዕብራይስጡ ምን ይላል?» አልኩት።

«አክስቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የነካሽው» ብሎ አምስት ፊደላት ጻፈልኝ፤ ጸ፣ ለ፣ መ፣ ወ፣ ተ። የዳዊት 118ኛውን መዝሙር የሚደግም ሰው ስማቸውን ያውቃቸዋል፤ ጻዴ፣ ላሜድ፣ ሜም፣ ዋው፣ ታው። የጥንቱ ዕብራይስጥ የሚጻፈው በተነባቢዎች ብቻ ነበር። አሁን ከፊደላቱ በላይና በታች የምናያቸውን የአናባቢ ነጥቦች የአይሁድ ሊቃውንት የጨመሯቸው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ ነው። የእኛም የጥንት የድንጋይ ጽሑፎች በአክሱም ዘመን ካዕብና ሣልስ ሳይወጣላቸው በፊት እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ አምስቱን ፊደላት ሁለት ዓይነት ማንበብ ይቻላል። «ጻልማዌት» ብሎ ለሚያነባቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ጼል» ጥላ፣ «ማዌት» ሞት፣ በአንድ ላይ የሞት ጥላ። «ጻልሙት» ብሎ ለሚያነባቸው ግን አንድ ቃል ናቸው፤ ሞትም የለበት፣ ጥላም የለበት፤ ትርጉሙ ጨለማ፣ ጽኑ ጨለማ ነው።

«ዕብራይስጥ ለጨለማ ሌላ ቃል የለውም?» አልኩት። ተራው «ሖሼኽ» ነው አለኝ፤ በዘፍጥረት መጀመሪያ በጥልቁ ላይ የነበረው ጨለማ እሱ ነው። ይኼኛው ከዚያ የከበደ ነው። እኛ ድቅድቅ የምንለውን ያህል።

ሁለተኛውን ንባብ የሚደግፉ ምሁራን ማስረጃ የሚፈልጉት የት ይመስላችኋል? ከጎረቤት ቋንቋዎች፣ በተለይም ከእኛ ዘንድ። «ጸለመ» የሚለው ሥር በዕብራይስጥ ጨለማን ለመግለጽ ብዙም አይታይም። በግእዝ ግን በሕይወት አለ፤ ጸልመ ማለት ጨለመ ነው፣ ጽልመት ጨለማ፣ ጸሊም ጥቁር። ወደ አማርኛ ሲመጣ ጸው ጨ ሆነና «ጨለማ» አልን። የጥንት ባቢሎናውያን ቋንቋ በሆነው በአካድኛም ይኸው ሥር መጥቆርን ያመለክታል። «ጥላ» ደግሞ ከግእዙ «ጽላሎት» ወገን ነው። ነፍሷን ይማረውና አያቴ ጾምን ጦም፣ ጸሎትን ጠሎት ትል ነበር፤ እኛ ተማርን ባይ የልጅ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። ለካስ የምትናገረው ሕግ ያለው ነገር ኖሯል።

ቃሉ በብሉይ ኪዳን 18 ጊዜ ይገኛል፤ 10ሩ በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ነው። ማታውን መነጽሬን አድርጌ አንዳንዱን ፈለግኩ። ምዕራፍ 28 ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች ይናገራል፤ መብራት ይዘው ምድር ውስጥ ገብተው በጽኑ ጨለማ ያለውን ድንጋይ ይፈልጋሉ። እዚያ የሞተ የለም፣ ሥራ ላይ ናቸው። አሞጽም ምዕራፍ 5 ላይ ይህንኑ ጨለማ እግዚአብሔር ወደ ንጋት እንደሚለውጠው ይናገራል፤ የሚነጋ ነገር ጨለማ ነው እንጂ ሞት አይደለም ብዬ ገመትኩ። ከሁሉ የያዘኝ የምዕራፍ 16ቱ ነው። ኢዮብ አልቅሶ አልቅሶ ፊቱ ቀልቶ ይህ ጨለማ በዓይኑ ቆብ ላይ እንደ ሰፈረ ይናገራል። እንዲህ ያለ ፊት በየአልጋው ራስጌ ስንቱን አይቻለሁ! ለሦስት ሌሊት ልጇን ስታስታምም ያደረች እናት ዓይን ሥሩ ጠቁሮ ማለት ነው። የሐኪም ቤት ሰው ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ታዲያ ሞት ከየት ገባ? ከክርስቶስ ልደት በፊት መጻሕፍቱን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ፊደላቱን በሁለት ከፍለው የሞት ጥላ አሉት። ብሉይ ኪዳናችን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪኩ ስለሆነ የእኛም አባቶች ጽላሎተ ሞት አሉ፤ አማርኛውም ይህንኑ ተከተለ። ማቴዎስም ሉቃስም በወንጌላቸው የሞት ጥላ ይላሉ። ስለዚህ ስህተት ነው ብሎ የሚፍቅ ካለ እኔ የለሁበትም። የሁለት ቃላት ነው የሚሉም ሊቃውንት አሉ። የካምብሪጅ የዕብራይስጥ መምህር የነበሩት ዊንተን ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጽፉ፣ ቃሉ ጥላና ሞት ቢሆንም «ሞት» የገባው ነገሩን ለማጽናት ነው ብለዋል። እኛስ አንድ ሰው በጣም ሲደክም «የሞት ሞቱን» ሄደ እንል የለም? መነሻቸው ቢለያይም መድረሻቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው።

በሥራ ዘመኔ ከሞት አፋፍ ላይ ሆነው ይህን መዝሙር ያስነበቡኝ ሕመምተኞች ነበሩ። ለእነሱ «የሞት ጥላ» የሚለው በትክክል ያሉበት ስፍራ ነው፤ ስሙ ሲጠራላቸው የሚረጋጉ አይቻለሁ። ዓይኑ ጠፍቶ ገና ብዙ ዓመት ለሚኖር ሰው፣ አያቱን ለሚወድም ልጅ ግን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለቤቴን የያዛቸው ብዙ ሰው የዓይን ግፊት የሚለው ግላኮማ ነው። የበርን መቃን በትከሻቸው ሲመቱ፣ ከጎናቸው የተቀመጠ ሲኒ ሲደፉ «እርጅና ነው» አልኩ። በየሳምንቱ የደም ግፊታቸውን እየለካሁ ዓይናቸውን ላሳይ አላሰብኩም። ነርስ ነኝ እኮ! በብዛት የሚታየው ዓይነት አያምም፣ አያቀላም፤ ከዳር ከዳር እይታን እየበላ ነው የሚመጣው። እንደ ዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የጠፋውን አይመልሱትም፤ ጠብታውም ቀዶ ሕክምናውም የሚያቆሙት የቀረው እንዳይሄድ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት ሰው፣ 40 ዓመት የሞላውም ሰው፣ ዓይኑን ይታይ፤ ጠብታ የታዘዘለትም «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ አያቋርጥ። ልጆቼን ሦስቱንም አስመርምሬአለሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ከሄደ በኋላ የጻፈልኝን ወረቀት ለባለቤቴ አነበብኩላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጨለማ ከሆነ እንግዲህ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም እሳቸው የሚያዩት እኛ ዓይናችንን ስንጨፍን እንደምናየው ጥቁር እንዳልሆነ፣ ጉም እንደሚመስል ነገሩኝ። በ6 ዓመት ውስጥ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ሙሴ በሲና እግዚአብሔር ወዳለበት የቀረበበት ጨለማም በዕብራይስጥ «ዐራፌል» ነው፣ የደመና ጨለማ። ይህን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

ማክሰኞ ማታ መብራት እንደገና ጠፋ። ልጁ ሽንቱ መጥቶ እየተቁነጠነጠ ነው፤ ሽንት ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ሻማ ስፈልግ ባለቤቴ ተነሡና «ና፣ እጄን ያዝ» አሉት። በሩ ላይ ደፉን አስታወሱት፣ በቧንቧው በኩል ዞሩ፣ አንድም ነገር ሳይነኩ አደረሱት።

ሲመለሱ ድምፃቸው ከደጅ ይሰማኛል።

«አባባ፣ ሳታይ እንዴት አወቅክ?»

«ከደፉ እስከ ቧንቧው 11 እርምጃ ነው፤ ከቧንቧው እስከ በሩ 7።»

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ካልሞከርኩ አለ። ሻማውን ይዤ ብወጣም አጥፊው አሉኝ፤ አጠፋሁት። በጨለማ ቆሜ ሲቆጥር ሰማሁት። ቧንቧው ጋ ሲደርስ «ለእኔ 16 ነው!» ብሎ ጮኸ።