መነጽሩ ለመምህሩ፣ እይታው ለተማሪው

በማስተማሪያ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ የታወቀ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በአንድ ወገን፣ ረዳቱ ሬዚደንት ፊት ለፊቱ፣ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ከጎን፣ የአንስቴዥያ ባለሙያው ከራስጌ። ኢንተርኖቹ ከኋላ ይቆማሉ፤ ከትምህርቱ ሰዓት አብዛኛውን የሚያዩት የመምህራቸውን ጀርባ ነው። የቅይጥ እውነታ መነጽር ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎቻችን ይግባ ወይስ አይግባ ሲባል፣ ዝግጅት ክፍላችን አስቀድሞ የሚያስበው እነዚህን ከኋላ የቆሙ ወጣቶች ነው።

መነጽሩ ከፊት ያለውን ነገር ሳይጋርድ ኮምፒውተር የሠራውን ምስል በላዩ ይደርባል። የታካሚው ሲቲ ስካን ባለ ሦስት አውታር ምስል ሆኖ በገዛ ገላው ላይ ሊታይ ይችላል። ካሜራም ስላለው፣ ሐኪሙ የሚያየውን ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ከተማ ያለ ሰው አብሮት ያያል።

በለንደን ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ሐኪሞች በ2018 እ.አ.አ. ሆሎሌንስ የተባለውን የማይክሮሶፍት መነጽር አጥልቀው በተጎዳ እግር ውስጥ የደም ሥሮችን ፈልገውበታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.አ.አ. መጨረሻ ኤክስቪዥን የተባለውን መሣሪያ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ፈቅዷል። አከርካሪ የቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጥንት ቅርጹን አይለውጥም። ጉበት ግን በየትንፋሹ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሆድ ሲከፈትም አንጀት እንደነበረ አይቆይም። ትናንት የተነሣ ምስል ዛሬ ከተከፈተው ሆድ ጋር ጥቂት ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ በእነዚያ ሚሊሜትሮች መካከል የደም ሥር ሊኖር ይችላል። የሚያበራ ምስል ደግሞ ዓይንን ይስባል፤ ከጎኑ የሚደማውን ያስረሳል። ስለዚህ መነጽሩ በባሕር ዳር ሆስፒታሎች ምላጭ እንዲመራ አሁን አንደግፍም።

ለማስተማር ግን ይግባ እንላለን፤ ይህንንም ከልባችን እንላለን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ስሙን ያገኘው በ1972 እ.አ.አ. ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ማስተማር ራሱ እንዲጠናበት የተሠራ ግቢ ነው። አገራችንም ቀዶ ሕክምና በማየት እንደሚለመድ የምታሳይ ታላቅ ምስክር አላት። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በወሊድ በደረሰባቸው ፊስቱላ ለሕክምና ከገጠር አዲስ አበባ የመጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ወጣት ነበሩ። ከታከሙ በኋላ ከሐኪማቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን አጠገብ እየቆሙ፣ እጃቸውን እያዩ፣ ቀስ በቀስም እየሠሩ፣ ሌሎች ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ያን ያህል ቅርበት የሚያገኝ ተማሪ ጥቂት ነው። መምህሩ መነጽሩን ቢያጠልቅ፣ የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ኢንተርኖች በሙሉ ጠባቡን ክፍል ሳያጨናንቁ በስክሪን እጁን ከራሱ ዓይን አንጻር ያያሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የምናስበው የወረዳውን ሆስፒታል ነው። ከ2009 እ.አ.አ. ጀምሮ አገሪቱ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ እያሠለጠነች ስፔሻሊስት ወደሌለበት ትልካለች። በሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት ከፍቶ ያልጠበቀውን የደም መፍሰስ ያገኘ አንድ ጤና መኮንን፣ ምርጫው ስልክ መደወል ነው፤ የሚያየውን በቃል ማስረዳት አለበት፣ እጁም በሥራ ተይዟል። ያ ስልክ ዓይን ቢኖረው ስንት ነገር ይለወጥ ነበር! ሆኖም ክልላችን አማራ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ኖሯል። በሞባይል ኔትወርክ ላይ የቆመ የሩቅ እገዛ በክፉ ቀን ይጠፋል። አስቀድሞ በሆስፒታሎቹ መካከል የማይቋረጥ ቋሚ መስመር ይዘርጋ፤ እስከዚያው የተቀረጸ ትምህርት በፍላሽ ወደ ወረዳ ይሂድ።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ እንናገር። ሆሎሌንስ 2 ለገበያ የቀረበው በ3,500 ዶላር ነበር። የታካሚ ቤተሰብ ጓንትና ክር ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ በሚያመጣበት አገር፣ ይህ ገንዘብ ከጓንቱና ከክሩ በጀት ላይ ሊነሣ አይገባም፤ ከማስተማሪያ በጀት ይምጣ፣ በሁለት መነጽሮችም ይጀመር። ማይክሮሶፍት በ2024 እ.አ.አ. ሆሎሌንስን ማምረት አቁሟል፤ የደኅንነት ማሻሻያውም በ2027 እ.አ.አ. መጨረሻ ያበቃል። በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ የተገነባ ሥርዓተ ትምህርት ከኩባንያው ውሳኔ ጋር ይወድቃል። ሶፍትዌሩ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ወጣት መሐንዲሶች እጅ ይሠራ፤ ነገ ሌላ መነጽር ቢመጣ የሚያዛውሩት እነርሱ ይሁኑ።

አንድ ነገር ግን ከግዢው በፊት በጽሑፍ ይደንገግ። ለቀዶ ሕክምና የተፈረመ ፈቃድ ለቀረጻ ፈቃድ አይደለም። ታካሚዋ ገና በአልጋዋ ሳለች፣ አማርኛም ሆነ አገውኛ በምትሰማው ቋንቋ፣ ማን እንደሚያያትና ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ ይነገራት። ፊቷ አይቀረጽ፤ ቅጂውም ከሥልጠናው ውጭ አይውጣ። እምቢ ካለች፣ ቀዶ ሕክምናዋ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሐኪም፣ ያለ መነጽር ይደረግላት።