ትንበያ ሸቀጥ አይደለም

በሐዋሳ ከተማ የእጅ ስልክ በሚሸጥባቸው ሱቆች ግንቦት ወር ሊያልቅ ሲል በያመቱ አንድ የታወቀ ወሬ ይነሣል። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዲሱን የአይፎን ሶፍትዌር በሰኔ መባቻ ግድም የሚያስታውቅ ስለ ሆነ፣ «ዘንድሮ የትኛው ስልክ ይቀራል? የትኛውስ ይዘልቃል?» የሚለው ጥያቄ ከሻጩም ከገዢውም አፍ አይጠፋም። መጠየቁ ነውር የለበትም። ነውሩ ገና ያልተነገረውን እንደ ተነገረ ቈጥሮ ዋጋ መቍረጥ ነው።

ይህ ዓይነቱ ወሬ ምን ያህል እንደሚታመን ለመመርመር ሁለት ዓመታትን ማስተያየት ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. «አይኦኤስ 15 የሚባለው ሶፍትዌር አይፎን 6 ኤስን አይቀበልም» የሚል ትንበያ ከማስታወቂያው አስቀድሞ በዓለም ተሰራጭቶ ነበር። ግንቦት 30 ቀን ኩባንያው በይፋ ሲናገር ግን ስልኩ ሶፍትዌሩን ከሚቀበሉት መካከል ተገኘ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «አይፎን ኤክስ አር፣ ኤክስ ኤስና ኤክስ ኤስ ማክስ ይቀራሉ» ተባለ፤ ሰኔ 2 ቀን ይኸው ተፈጸመ። ወሬው በሁለቱም ዓመታት አንድ መልክና አንድ ድፍረት ነበረው፤ ፍጻሜው ግን ተቃራኒ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ፈርቶ ዕቃውን ያለ ዋጋው የለቀቀ ነጋዴ ቢኖር በከንቱ ከስሯል፤ በሁለተኛው ዓመት ንቆ ብዙ ያከማቸ ቢኖርም ዕቃው በእጁ ላይ ረክሶበታል።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሲጀምር በአምስት ዓመት ውስጥ 33 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች እንደሚያገኝ ገምቶ ነበር። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መጨረሻ ቍጥሩ ከ34 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታወቀ። ገማቹ የሥራው ባለቤት ራሱ ሲሆን እንኳ ዘመኑን በሦስት ዓመት ያህል ሳተ ማለት ነው።

ሳፋሪኮም በበኩሉ የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘው በዚያው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ኤምፔሳ ሳይውል ሳያድር ይከተላል የሚል ተስፋ በብዙዎች ዘንድ ነበረ። አገልግሎቱ የተጀመረው ግን በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። የትንበያው ፍሬ ነገር እውነት ነበረ፤ ቀኑ ግን ሳተ። የሱቅ ኪራይና የባንክ ወለድ በየወሩ ለሚቈጠርበት ነጋዴ ደግሞ ቀኑን የሳተ እውነት ከሐሰት ብዙም አይሻለውም።

«ነጋዴ አርቆ ካላየ ምን ነጋዴ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል፤ አባባሉም ትክክል ነው። የሲዳማ ቡና ላኪ የዝናሙን ሁኔታና የኒው ዮርክን ዋጋ ሳይገምት አይውልም። ነገር ግን ይህ ሰው በግምትና በውል መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግምቱን በልቡ ይይዛል፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን በተፈረመ ውል ነው። የስልክና የኮምፒዩተር አስመጪም ይህንኑ ልማድ ቢከተል ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም።

ስለዚህ ማስታወቂያው ሊነገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትልቅ ትእዛዝ ከመስጠት መቈጠብ፣ ግድ ከሆነም ከፋፍሎ ማዘዝ ይገባል። ወሬ ይዞ የሚመጣውን ደላላ «ይህን የተናገረው ኩባንያው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። ማስታወቂያው ከወጣም በኋላ የስልኮቹን ዝርዝር ከኩባንያው ከራሱ አግኝቶ ገዢው ሊያነበው በሚችልበት ሥፍራ በሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ መልካም ነው። አዲስ ሶፍትዌር የቀረበት ስልክ በማግሥቱ ሥራውን አያቆምም፤ ሆኖም ከጊዜ በኋላ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች ላይቀበሉት ይችላሉ። ይህንንም ሁለቱን ነገር ሳይሸሽጉና ሳያጋንኑ ለገዢው መንገር የሻጩ ግዴታ ነው።

ምክንያቱም በዚህ ወሬ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው የወራት ደመወዙን አጠራቅሞ አንድ ስልክ የሚገዛው ሰው ነው። ያልተረጋገጠ ወሬ አስፈራርቶ ስልኩን በርካሽ የሚወስድበት ነጋዴ፣ ወይም የተረጋገጠውን ደብቆ የሚቀረውን ስልክ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥለት ነጋዴ፣ ለአንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል። የኩባንያው ማስታወቂያ በየዓመቱ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ደንበኛ ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።