መብራት ሲመለስ ቻርጀሩ ምን ያስታውሳል?

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ መብራት ሲጠፋ ምሽቱን የሚያሻግረው ባትሪ ነው። የቤቱ የእጅ ባትሪ፣ የባለሱቁ ስልክ፣ የተማሪው ላፕቶፕ ሁሉም ያን ጊዜ በእርሱ ይሠራሉ። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሶኬት ይሄዳሉ። በማይክሮኮንትሮለር የሚመራ ቻርጀር ሊፈተን የሚገባው በዚህች ቅጽበት ነው። በርዕሱ ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን ብዙ ጊዜ የሚኮሩት በሙሌት ፍጥነትና ሲሙሌሽኑ በሚያወጣው ለስላሳ ኩርባ ነው፤ ሲሙሌሽኑም 220 ቮልቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደማይቋረጥ ይገምታል።

የችግሩ ምንጭ ቀላል ነው። በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ቻርጀር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። 8 ሰዓት እንዲሞላ የታሰበ ባትሪ በ7ኛው ሰዓት ላይ ቢቋረጥበት፣ መብራቱ ሲመለስ ሌላ 8 ሰዓት ይጨመርለታል። ትርፉ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ባትሪውን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል።

ማይክሮኮንትሮለር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ማህደረ ትውስታ አለውና። ይሁን እንጂ እርሱም ገደብ አለው። አትሜጋ 328 የተባለው የታወቀ ቺፕ ውስጥ ያለው ኢኢፕሮም 100,000 ጊዜ ያህል ቢጻፍበት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁኔታውን በየደቂቃው በአንድ ቦታ ላይ የሚመዘግብ ፕሮግራም ይህን ቁጥር በ70 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። የተሻለው መንገድ የሚገባው ቮልቴጅ መውረድ ሲጀምር አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገብ ነው፤ ለዚያች ቅጽበት አነስተኛ ካፓሲተር ይበቃል። ባትሪ የተሰካበት መሣሪያ ኃይል አጥቶ ሥራውን መርሳቱ በራሱ የሚያስገርም ነው።

ማስታወስ ብቻውን ግን ያሳስታል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሰው ባትሪውን ነቅሎ ይጠቀምበታል፤ ቆይቶም ያንኑ ወይም ሌላ ባትሪ ይሰካል። መዝገቡ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል የሚለው ባትሪ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ የተባለውም ሙሉ። ስለዚህ መሣሪያው ሲነቃ መዝገቡን ከማመኑ በፊት ቮልቴጁንና ሙቀቱን መለካት አለበት። ሙሌቱን የሚያቆመውም በቮልቴጁ መጠነኛ መውረድና በሙቀቱ መጨመር ሊሆን ይገባል፤ ሰዓት ቆጣሪው የመጨረሻ ዘብ ብቻ ነው።

ለሊቲየም አዮን ባትሪ ልኬቱ ይበልጥ ይጠብቃል። ባለ 10 ቢቱ መለኪያ 5 ቮልትን በ1024 ደረጃዎች ይከፍላል፤ አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ያህል ስለሆነ በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለማነጻጸሪያነት የተወሰደው 5 ቮልት ራሱ 5.1 ሲሆን ነው። ያን ጊዜ በ4.20 ቮልት ማቆም የነበረበት ቻርጀር እስከ 4.28 ይዘልቃል፤ የተለመደው የስሕተት ወሰን ግን 0.05 ቮልት ነው። መፍትሔው ከኃይል አቅርቦቱ የተለየ፣ የማይዋዥቅ የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ መጠቀም ነው። በእርግጥ ዓላማው አንድ የሊቲየም ሴል መሙላት ብቻ ከሆነ ቲፒ4056ን የመሰለ ዝግጁ ቺፕ ይበቃል፤ ማይክሮኮንትሮለር መጨመሩ ድካም ማብዛት ነው።

የቀራንዮ ሌሊት ቅዝቃዜም በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። የባትሪ አምራቾች ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ለ25 ዲግሪ የተዘጋጀ ነው። በ10 ዲግሪ ላይ ያለ ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ሴል በዲግሪ 3 ሚሊቮልት ቢታሰብ፣ 0.27 ቮልት ያህል ጭማሪ ይፈልጋል። ጭማሪውን ካላገኘ ሳይሞላ እየከረመ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል።

በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ቀን ገምጋሚው ሶኬቱን ከግድግዳው ቢነቅል፣ ባትሪውን በሌላ ቢቀይርና መልሶ ቢሰካ፣ ከኩርባዎቹ ይልቅ ስለ መሣሪያው ብዙ ይረዳል። ሙከራው በሙሌቱ መጀመሪያ፣ በመካከሉና ሊያበቃ ሲቃረብ ቢደገም፣ ውጤቱ በጽሑፉ ውስጥ ከሙሌት ፍጥነቱ ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ሊቀርብ ይችላል።