«ማስክ አድርጉ» ማለት ቀላል ነው

ከአራት ዓመት በፊት ለአጎቴ ልጅ ስጦታ ገዛሁለት። ሆሳዕና ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጋሼ እያልኩት ነው ያደግሁት። መርካቶ ውስጥ ሳልፍ በግራና በቀኝ ክብ ፊልተር የተገጠመለት የጎማ ማስክ አየሁ፤ የጦር ሜዳ ዕቃ ይመስላል። ዋጋ ተከራክሬ ገዛሁትና ኩራት እየተሰማኝ ወሰድኩለት። አመሰገነኝ፣ አጠለቀው፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ፎቶ ተነሳን።

ያ ማስክ ከዚያ ወዲህ የኖረው ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ባለ ሚስማር ላይ ነው። አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሎ ውስጡ ሰጋቱራ ሞልቷል። በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ እሱም እንዳየሁት ያያል፤ አናወራም።

ባለፈው ነሐሴ ግን አወራን። ነሐሴ በእኛ በኩል የእንጨት ሠራተኛ የጥድፊያ ወር ነው። ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ሊቀበል ቤቱን ያድሳል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አለ፣ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ አለ፣ መምጣት ያልቻለውም ለእናቱ ሶፋ ማሠሪያ ብር ይልካል። ትእዛዙ ሁሉ «ለመስቀል ይድረስልኝ» ነው። ከሆሳዕና በዶዮገናና በአንጋጫ በኩል እስከ ዱራሜ፣ መንገድ ዳር ያሉ እንጨት ቤቶች እስከ ምሽት ይጮኻሉ። ዝናቡ ደግሞ አያባራም፤ ጣውላው እንዳይረጥብ በሩ ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ብናኙም አብሮ ይዘጋል።

የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሦስት ልጆች ኤምዲኤፍ ቆርጠው ጠርዙን በማሽን ያለሰልሳሉ። አምፖሉ ጉም ውስጥ ያለ ይመስላል። አንዱ አፍንጫውን በሻርፕ ጠምጥሟል። አንዱ ሰማያዊ የሐኪም ማስክ አገጩ ላይ ሰቅሏል። ሦስተኛው ምንም የለውም፤ ቅንድቡ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጥቷል።

«ጋሼ፣ ያኛውን ማስክ ለምን አታደርገውም?» አልኩት፣ ወደ ሚስማሩ እያየሁ።

«ሦስት ቀን አድርጌዋለሁ» አለኝ። «አፍንጫዬን ላጠው። መነጽሬ ይጨልማል። ደንበኛ ሲመጣ አውልቄ አወራለሁ፣ መልሼ ሳጠልቀው ውስጡ ላብ ነው። አንተ ጋዜጠኛ፣ ቀኑን ሙሉ አድርገኸው ጻፍ እስቲ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ፈተናውን ተቀበልኩ። አጥቤ፣ ማታ ቤት አጠለቅኩት። አርባ ደቂቃ አልሞላሁም። ጎማው ደረቅ ነው፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ለእኔም ለእሱም ፊት ሰፊ ነው፤ እንዲገጥም ሲጠበቅ ደግሞ ጉንጭ ይቆርጣል። የገዛሁለት ዕቃ ለሱቅ መስኮት የሚያምር እንጂ ለሰው ፊት የተመረጠ አልነበረም። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። በአገራችን የእንጨት ሠራተኛ ማስክ አያደርግም ሲባል ወዲያው የሚመጣው ማብራሪያ «የግንዛቤ ማነስ» ነው። የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ ባነር ይሰቀላል። እኔ ግን እስካሁን ብናኝ አይጎዳም የሚል አናጺ አላጋጠመኝም። ማታ ሲናፈጥ የሚወጣውን የሚያየው እሱ ነው። የጎደለው ቀኑን ሙሉ ፊት ላይ ሊቆይ የሚችል ማስክ ነው። ምቾት የሚለውን ቃል እንደ ቅንጦት ስለምንሰማው ነው የምንስተው፤ የማይመች ማስክ ይወልቃል፣ የወለቀ ማስክ ደግሞ የሚያጠራው አየር የለም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ አንድ ታሪክ ላንሳ። በእንግሊዝ ሃይ ዊኮምብ የምትባል ከተማ በወንበር ሥራ የታወቀች ነበረች። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ የምትሠራ ኤስሜ ሃድፊልድ የተባለች የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለች። ብዙም የማይታይ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ይዘው የሚመጡት ሰዎች በሙያቸው የቤት ዕቃ ሠሪዎች ሆነው ይገኛሉ። ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆና ጉዳዩን አጠናች፤ ውጤቱ በ1968 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስቀመጠው።

ላስፈራራ አልፈልግም፤ ይህ ካንሰር በእንጨት ሠራተኞች መካከልም ብርቅ ነው፣ ለመታየትም አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። ቅርቡ ጉዳት ሌላ ነው። የማይለቅ ሳል፣ የተደፈነ አፍንጫ፣ ደረት ላይ ፉጨት፣ አስም። የእኛው አገር ማስረጃም አለ። በኢትዮጵያ የቺፑድ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ የመተንፈሻ ሕመም ምልክቶች ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱ ሌሎች ሠራተኞች ይልቅ በእነሱ ላይ በብዛት እንደሚታዩ አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለጠንካራ እንጨት ብናኝ የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 2 ሚሊግራም ነው። አምፖል ጉም ውስጥ ያለ የሚመስልበት ክፍል ከዚህ ጣሪያ በታች ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ደግሞም ልብ በሉ፣ ክፉው ብናኝ የምናየው አይደለም። ከመጋዙ ሥር የሚከመረው ሰጋቱራ ከባድ ነው፣ ይወድቃል። ሳንባ ድረስ የሚወርደው በብርጭቆ ወረቀትና በማለስለሻ ማሽን የሚወጣው እንደ ዱቄት የደቀቀው ነው፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላም አየር ላይ ይቆያል። ኤምዲኤፍ ሲሆን ከእንጨቱ ጋር ሙጫውም አብሮ ይበናል። ዋንዛና ባሕር ዛፍ ይሠራ የነበረው አናጺ ዛሬ ግማሽ ቀኑን ኤምዲኤፍ ሲያለሰልስ ይውላል፤ መከላከያው ግን ያው የድሮው ሻርፕ ነው።

ሻርፕ ትልልቁን ብናኝ ያቆማል፣ ደቃቁን ግን ያሳልፋል። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ በጉንጭ በኩል ክፍት ስለሆነ አየሩ የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በጎን ነው። ወተትስ? በየእንጨት ቤቱና በየጋራዡ «ወተት ጠጣ፣ ያጥበዋል» ይባላል፤ አንዳንድ አሠሪም ከማስክ ይልቅ ወተት ይገዛል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው። የሚሄደው ግን ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ ሌላ ቤት ነው።

እንግዲህ ምን ይመረጥ? ከሐኪምም፣ ከሙያተኛም፣ ከራሴ ጉንጭም የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከሚጣሉት ማስኮች ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ምልክት ያለው ለብናኝ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ደቃቅ ብናኝን ቢያንስ 95 በመቶ፣ ሁለተኛው 94 በመቶ እንዲያስቀር ተብሎ የሚሠራ ነው። ጆሮ ላይ ከሚንጠለጠለው ይልቅ በጭንቅላት ዙሪያ የሚያልፍ ሁለት ላስቲክ ያለው ይሻላል፤ ጆሮ አያሳምምም፣ ፊት ላይም ይጣበቃል። ፊት ለፊቱ ትንሽ የትንፋሽ ማውጫ ክዳን ያለው ከሆነ ሙቀቱና ላቡ ይቀንሳል። ለአናጺ ይህች ክዳን ከምትገምቱት በላይ ዋጋ አላት።

ቀኑን ሙሉ ለሚያለሰልስ ሰው ግን ፊልተሩ የሚቀየረው፣ አካሉ የሚታጠበው ማስክ በስተመጨረሻ ይረክሳል፣ ይመቻልም። ከደረቅ ጎማ ይልቅ ለስላሳው ሲሊኮን ይመረጥ፤ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ መጠን የሚሸጥ አለ። እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ መጠን እንዳለው እንኳ አልጠየቅኩም። ጫማ ሳይለካ የሚገዛ የለም፣ ማስክ ግን በጅምላ ይገዛል።

መነጽር ሲጨልም «ማስክ አይስማማኝም» ይባላል። በእርግጥ መነጽሩ እየነገረን ያለው በአፍንጫ በኩል አየር እንደሚያመልጥ ነው፤ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ብናኝም ያስገባል። የአፍንጫው ሽቦ በሁለት ጣት ይጫን፣ ካልሆነ ሌላ መጠን ይሞከር። ጢም ያለው ሰው ደግሞ ማስኩ ፊቱ ላይ አይገጥምለትም፤ የትኛውንም ቢገዛ። ማታ ማታ ማስኩ ሚስማር ላይ ሳይሆን ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በታሰረ ፌስታል ይቀመጥ። መተንፈስ ሲከብድ ፊልተሩ ሞልቷል ማለት ነው። ቨርኒሽና ቲነር ለሚረጭ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ለጋዝ የከሰል ፊልተር ያስፈልጋል፣ የብናኙ ማስክ ሽታውን አያቆምም።

ማስክ ደግሞ የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ማለስለሱን ከደጅ በረንዳ ላይ ማድረግ ይቻላል። መስኮት ላይ ወደ ውጭ የሚነፍስ ቬንትሌተር መግጠም ይቻላል። ወለሉን ውሃ ሳያርከፈክፉ አለመጥረግ ይቻላል። ልብስንና ማሽንን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ግን የወደቀውን ብናኝ መልሶ ለሳንባ ማቅረብ ነው፤ በየቀኑ የሥራ መዝጊያ ላይ የማየው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ገንዘቡን ማን ይክፈል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 መልሶታል፤ አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ያቀርባል፣ ስለ አጠቃቀሙም ያስተምራል። ሠራተኛውም በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ችግሩ፣ በየሼዱ ያሉት ብዙዎቹ ወጣቶች «ሠራተኛ» አይደሉም፤ በማኅበር የተደራጁ አባላት ናቸው። አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ስለሆኑ ተቆጣጣሪ መጥቶ የሚጠይቀው ሰው የለም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ለሚያደራጃቸውና ለሚገዛቸው አካል ነው። ሼድ ስትሰጡ አየር ማስወጫ ያለው ስጡ። የትምህርት ቤት ዴስክና የቢሮ ጠረጴዛ ጨረታ ስታወጡ የመከላከያ ወጪን በዋጋው ውስጥ ቁጠሩ፤ ካልቆጠራችሁት በርካሽ የሚያሸንፈው ሳንባውን ያልቆጠረው ነው። ማስክ የምታከፋፍሉ ከሆነም አንድ ዓይነት ሁለት መቶ ከመግዛት ሦስት ዓይነት አቅርቡና ልጆቹ አጥልቀው ይምረጡ።

ውድ ነው የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም። ለጀማሪ ማኅበር ብር ብር ነው። ግን በዚያው ቤት ውስጥ የማሽን መጋዝ ሲደነዝዝ በዚያው ቀን ይቀየራል፣ ማንም «ውድ ነው» አይልም፤ ሥራ ይቆማላ! ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወንድሞችም፣ ለመስቀል ስልክ ስትልኩ ሻንጣው ጥግ ላይ አንድ የሲሊኮን ማስክ ከትርፍ ፊልተሮቹ ጋር ይግባ። ለማን እንደሚሆን የፊቱን ስፋት ጠይቃችሁ።

እኔም ዕዳዬን ለመክፈል በመስከረም ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ አንድ ሳይሆን አራት ዓይነት ይዤ፣ የማይመረጡትን እንደምመልስ ከነጋዴው ጋር ተስማምቼ። ጋሼ ሁሉንም አጠለቀ፤ ከእያንዳንዱ ጋር መጋዝ ሳበ፣ አጎነበሰ፣ ስልክ አወራ። ትንሹን ሲሊኮን መረጠ። አንደኛው ልጅ ክዳን ያለውን ኤፍኤፍፒ2 ወሰደ። ጢም ያለው ልጅ አንዱም አልገጠመለትም፤ መስተዋት ፊት ትንሽ ቆመና «ለመስቀል ነበር ያሳደግኩት» አለ። በማግሥቱ ስደውል ተላጭቶ መምጣቱን ነገሩኝ። የድሮው የጎማ ማስክ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው፤ ጋሼ እርሳስ ያስቀምጥበታል።