ለወደቀ ሞተረኛ ቃሬዛ ያስፈልገናል



ሞተረኛ ሲወድቅ የሰፈራችን ሰው እንደማይጨክን እናውቃለን፡፡ ሱቁን ከፍቶ ትቶ የሚሮጥ አለ፤ ነጠላዋን አውልቃ የምታለብስ እናት አለች፡፡ ችግሩ ከተደረሰለት በኋላ ያለው ነው፡፡ አንዱ በብብቱ፣ ሌላው በእግሩ ይዞ ብድግ! «አይዞህ፣ ተነስ!» ይባላል፡፡ ሄልሜቱ ተጎትቶ ይወልቃል፣ ውሃ ይንቆረቆርበታል፣ ከዚያ ተጣጥፎ ታክሲ ውስጥ ይከተታል፡፡ አንገቱ ወይም ወገቡ የተሰበረ ሰው እንዲህ ሲደረግ ሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳና ዕድሜ ልኩን ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል፡፡ ይህንን ስንል ደግ ሠሪን ለመውቀስ አይደለም፡፡

በ2011 ዓ.ም. ከተማው ሞተርሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ቢያግድም፣ ፈቃድ ያላቸው ወጣቶች ዛሬም ከጎፋ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ጀሞ ዕቃ ያደርሳሉ፡፡ እንጀራቸው ነው፡፡

ስለዚህ አንድ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ መኪና ይቁም፡፡ ቀጥሎ 907 ቀይ መስቀል ወይም 939 እሳትና አደጋ ይደወል፡፡ መኪና የሚሄድበት ወይም እሳት የሚያሰጋው ካልሆነ በስተቀር ካለበት አይነሳ፡፡ አንድ ሰው በራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት፡፡ የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱ አይውለቅ፤ የፊቱን መስተዋት ከፍ ማድረግ ይበቃል፡፡ የማይተነፍስ ከሆነ ግን የግድ ነው፤ አንዱ አንገቱንና አገጩን ደግፎ ሲይዝ ሌላው ቀስ አድርጎ ያውልቅ፡፡ ከዚያ ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጅ አጥብቆ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው፡፡ ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ ከራሰ ሳያነሱ ሌላ መደረብ ነው፡፡ ቡና መነስነሱ ይቅር፡፡ ውሃም አይጠጣ፤ ሊያንቀው ይችላል፣ ቀዶ ሕክምናም ሊጠብቀው ይችላል፡፡

«ፖሊስ ጣቢያ ስመላለስ ልኖር ነው» ብሎ የሚሸሽ አይጠፋም፤ ፍርሃቱ ይገባናል፡፡ ነገር ግን ራስ መያዝና ስልክ መደወል ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም፡፡ ስለ ሕክምናው ገንዘብ ለሚጨነቅም፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፡፡

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፡፡ ዕድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፡፡ ሁሉም ከሞት በኋላ ነው! ያልሞተውን የምናነሳበት አንድ ቃሬዛ ግን የለንም፡፡ አምቡላንስ ሲዘገይ በቃሬዛ የተኛ ሰው በፒክአፕም ቢሆን ቀጥ ብሎ ወደ አለርት ይደርሳል፡፡ አንዳንድ አባሎች «የዕድር ገንዘብ ለቀብር ነው» ይሉናል፡፡ እኛ ደግሞ አንድ ቃሬዛ፣ ፋሻና ጓንት ያለው ሣጥን፣ ለጥቂት ወጣቶችም ሥልጠና ከዕድሩ ገንዘብ ይከፈል እንላለን፡፡ ሐሳቡን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አቅርበነዋል፤ የምትቃወሙም መጥታችሁ ተናገሩ፡፡

የማኅበሩ ጸሐፊ